ሳይነሳ የደረሰው አውሮፕላን

አለቃዬ በአንድ የጉዞ መርሐ ግብር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ያደረገው እርማት፣ ዓመታት ቢያልፉም ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያበሳጨኛል።

ጉዞው ከቶኪዮ ናሪታ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲሆን ወሩ ጃንዋሪ ነበር። ደንበኛው ከትኬቱ ሌላ የደርሶ መልሱን ርቀትና የበረራ ርዝመት የሚያሳይ ሠንጠረዥ ስለጠየቀ፣ 8,800 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን ርቀት ለአውሮፕላኑ ፍጥነት፣ በሰዓት ለ900 ኪሎ ሜትር፣ አካፍዬ «10 ሰዓት ያህል» ብዬ ሞላሁ፤ መነሻውን አርብ 17:00፣ መድረሻውንም በዚያው አርብ 10:00 ብዬ ጻፍኩ።

አለቃዬ ወረቀቱን ቀና አድርጎ ይዞ፣ «ይህ አውሮፕላን ሳይነሳ ነው እንዴ የሚደርሰው?» ሲል ጠየቀኝ። ቶኪዮ በዚያ ወር ሎስ አንጀለስን በ17 ሰዓት እንደምትቀድም፣ መንገደኛው ፓስፊክ ላይ የቀን መለወጫውን መስመር ወደ ምሥራቅ ሲሻገር ቀኑ አንድ ወደ ኋላ እንደሚመለስ፣ በዚህም የተነሳ 10 ሰዓት በርሮ ሲወርድ የአካባቢው ሰዓት ከተነሳበት 7 ሰዓት ወደ ኋላ ሆኖ እንደሚጠብቀው አስረዳሁት። አንድም ጊዜ ሳያቋርጠኝ ሰማኝ፤ የተታለልኩትም በዚህ ትዕግሥቱ ነው። ስጨርስ፣ «ደንበኛ እንዲህ ያለውን ቢያይ ይስቅብናል» አለና አርብን ሰርዞ ቅዳሜ ጻፈበት። እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ።

ሆቴሉም መኪናውም ለቅዳሜ ተያዙ። ደንበኛው አርብ ጠዋት ከአውሮፕላን ማረፊያው ሲደውል ስልኩን ያነሳው ራሱ አለቃዬ ነበር፤ ይቅርታውን ጠይቆ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ነገሩ እንዲህ ከሆነ ለምን በደንብ አላስረዳኸኝም?» አለኝ።

ለዚህ ጥያቄ ያዘጋጀሁትን መልስ እስካሁን አልሰጠሁትም፤ ምክንያቱ ደግሞ ጨዋነቴ ብቻ አይደለም። በዚያው ሠንጠረዥ የመመለሻው ረድፍ ላይ ያንኑ 10 ሰዓት ገልብጬ ነበር፤ ርቀቱ አንድ እስከሆነ ድረስ ጊዜውም አንድ ይሆናል ብዬ። በ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ጄት ስትሪም ግን በብርዱ ወራት በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ሲሄዱ ከኋላ የገፋ ነፋስ ሲመለሱ ፊት ለፊት ይገጥማል፤ 900 ኪሎ ሜትር የሚባለውም አውሮፕላኑ በዙሪያው ካለው አየር አንጻር እንጂ ከመሬት አንጻር የሚጓዝበት ፍጥነት አይደለም። አብራሪዎችም ነፋሱን ለመሸሽ ሲሉ ከአጭሩ መስመር ወጣ ብለው ይበርራሉ። ደንበኛው ትኬቱ ላይ ለመመለሻው 12 ሰዓት ገደማ አይቶ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ነፋስ ነው» አልኩት። አለቃዬ ከጠረጴዛው ማዶ «ነፋስ!» ብሎ ሳቀ፤ የሳቀው ግን በእኔ ሳይሆን ሰበብ ፈላጊ በመሰለው ደንበኛ ነበር፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ዛሬ አዲስ ሠራተኛ በተቀጠረ ቁጥር የቀን መለወጫውን መስመር ታሪክ የሚያስረዳው አለቃዬ ነው፤ በሚገባም ያስረዳል፤ አርቡን ቅዳሜ ያደረገው ሰው ግን በትረካው ውስጥ «አንድ ሠራተኛችን» ተብሎ ያልፋል። ለማስረጃ የሚያሳየው ያንኑ ወረቀት ነው፤ የመመለሻው ረድፍ ላይ ያለችውን 10 ከቢሮው ሰው እስካሁን ያስተዋላት የለም፤ እኔም አላረምኳትም።