ከደቻቱ እስከ ሸዋ በር፣ ጥቁር ድንጋይ ፍለጋ

ከድሬዳዋ የተነሳነው ሙቀቱ ሳይበረታ ነው። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ፣ አሸዋ የሚዝቁ ልጆች አካፋቸውን ይዘው ወርደዋል። ከፊራ ገበያ አጠገብ ባጊያ በሻይ ቀመስንና መንገድ ጀመርን። ሾፌሩ በዕድሜ አባቴን ስለሚያክል "ጋሼ፣ እርስዎ" ብዬ ጀመርኩ። አላስጨረሰኝም። "አቦ! እዚህ እርስዎ የለም። አንተ በለኝ!" ድሬ እንዲህ ናት። ከዚያ በኋላ አንተ ተባባልን።

የመጣሁት ለባዛልት ነው። ጥቁር ድንጋይ የምንለው። ይህ ድንጋይ ላቫ ሆኖ አገር ምድሩን አልብሶ ነበር። በሰሜኑ አምባ ትልቁ ፍሰት የሆነው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ አብዛኛው የፈሰሰውም በ1 ሚሊዮን ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ነው። ውፍረቱ 2 ኪሎ ሜትር የሚደርስበት ቦታ አለ። ያ ሁሉ ላቫ ከየት መጣ? እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ጥያቄ ይሄ ነው።

ደንገጎ ስንደርስ ቡና አዘዝን። ሾፌሩ "ድንጋይ እንዴት አገሩን ይናገራል?" አለኝ። ጀበናውን አሳየሁት። አቦሉ ወፍራም ነው፣ ቶናው ሳሳ ይላል፣ በረካው ይቀጥናል። ሦስቱም ግን ያው የሐረር ቡና ናቸው። ማንትልም፣ ከመሬት ቅርፊት ሥር ያለው ድንጋይ፣ ሲቀልጥ እንደዚያ ነው። ብዙ ቢቀልጥም ጥቂት፣ የማግማው፣ ማለትም የቀለጠው ድንጋይ፣ ይዘት ይለዋወጣል እንጂ ስትሮንቲየም 87 እና 86 የሚባሉት የአንድ ንጥረ ነገር ሁለት ዓይነት አተሞች ጥምርታ ያው ነው። ችግሩ ማግማው ወደ ላይ ሲወጣ በመንገዱ ያለውን ድንጋይ ማቅለጡ ነው። ቡናው ውስጥ ጤና አዳም እንደገባበት ይሆናል።

ስትሮንቲየም 87 የሚወለደው ሩቢዲየም 87 ሲፈራርስ ነው። በጣም ዝግ ያለ ነገር ነው፤ ግማሹ ለመፈራረስ 49 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይወስድበታል። ሩቢዲየም ደግሞ የሚከማቸው በመሬት ቅርፊት ውስጥ ነው። ስለዚህ ያረጀ ግራናይት ጥምርታው ከ0.71 ሊያልፍ ይችላል። ከማንትል በንጽሕና የወጣ የአገራችን ባዛልት 0.704 አካባቢ ነው። በሦስተኛው አኃዝ ላይ ነው እንግዲህ የምንጣላው።

ይህን መንገድ የምወደው ለዚህ ነው። ከድሬ እስከ ሐረር ግራናይቱም፣ አሸዋማ ድንጋዩም፣ ኖራ ድንጋዩም ከመኪና መስኮት ይታያል። ስምጥ ሸለቆው ሲሰነጠቅ ሰባብሯቸው ቅደም ተከተላቸው ተዘበራርቋል። ግን ሁሉም አሉ። ኖራ ድንጋዩ በጁራሲክ ዘመን የባሕር ወለል ነበር፤ የዚያ ባሕር ጥምርታ 0.707 አካባቢ ነው። ማግማው ማንን ነክቶ እንዳለፈ ለመጠየቅ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ናሙና መውሰድ ትዕግሥት ይፈልጋል። ላዩ የተበላሸ ድንጋይ አይሆንም፤ ዝናብና አፈር ስትሮንቲየሙን ያዛባሉ። እስከ ውስጡ መስበር ነው። መዶሻው ሲያርፍበት ጥርት ያለ ድምፅ ካላወጣ ትቼው አልፋለሁ። እስከ ቀትር ስድስት ብቻ አገኘሁ። ሾፌሩ አራተኛውን ራሱ መረጠ፤ ጥሩ ዓይን አለው። በውስጡ ኦሊቪን ይታያል፣ አረንጓዴ ፍንጣቂ። ኦሊቪን ውድ ነው። ሂሊየም በውስጡ ታስሮ ይቆያል። ሂሊየም 3 አብዛኛው መሬት ስትፈጠር የቀረ ነው። ከሂሊየም 4 ጋር ያለው ጥምርታ በውቅያኖስ ወለል ባዛልቶች ከአየሩ 8 እጥፍ ያህል ነው፤ በኢትዮጵያ ባዛልቶች ግን ወደ 20 እጥፍ የሚጠጋ ተለክቷል። ከአፋር ሥር ከጥልቁ የሚነሳ የጋለ ዐምድ አለ የሚያሰኘው አንዱ ትልቅ ማስረጃ ይሄ ነው።

ድንጋዩ ከእኛ ምድር ወጥቶ፣ የኔ ናሙናዎች የሚለኩት ባሕር ማዶ ነው። ይህ ያንገበግበኛል።

ሐረር በሸዋ በር በኩል ደረስን። ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ገዝተን ጥላ ሥር ተቀመጥን። "ጨረስክ?" አለኝ። አንድ ይቀረኛል አልኩት። ከከተማው ወጣ ብለን ግራናይት ሰበርን። "ጥቁሩን አይደል የምትፈልገው?" ሲለኝ፣ ጤና አዳሙን ሳትቀምስ ከቡናው ውስጥ እንዴት ትለየዋለህ አልኩት። ገባው። 7 ብዬ ጻፍኩበትና ከባዛልቶቹ ጋር እንዳይነካካ በሌላ ከረጢት ለብቻው ቋጠርኩት።