«አንቱ» የቀረበት ገጽ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር

ልብ ወለዴን ጽፌ ከጨረስኩ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። «ጨረስኩ» ያልኩት ያን ጊዜ ነው፤ ዛሬ ቃሉን ለመናገር አልደፍርም። የመጀመሪያው ረቂቅ 412 ገጽ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን ጊዜ ሁሉ የበላብኝ አዲስ ነገር መጻፍ ሳይሆን የጻፍኩትን ማንበብ፣ መሰረዝ፣ ማዛወርና እንደገና ማንበብ ነው። ቀን ቀን አማርኛ አስተምራለሁ፤ የተማሪዎቼን ድርሰት ሳርም ስሕተቱ ከሩቅ ይታየኛል። ማታ የራሴን ስከፍት ግን ዓይኔ በወረቀቱ ላይ ያለውን እየዘለለ ልጽፈው አስቤ የነበረውን ያነባል፤ የጎደለውን ልቤ ስለሚሞላልኝ ጉድለቱ አይታየኝም።

ታሪኩ የሚፈጸመው በ1960 ዓ.ም. በቢቸና አውራጃ ነው። በዚያ ዓመት የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር በመቃወም፣ መሬቱ ሊለካ ርስቱም ሊነካ ነው ብሎ በመስጋት ተነሥቶ ነበር። ኃይሉ የተባለው ባለታሪኬ በዚህ ምክንያት ይሸፍታል፤ ሚስቱ ሁለት ልጆችን ይዛ ቤቱን ትጠብቃለች። መጽሐፉ ግን የአመፁ ታሪክ አይደለም። ስለ ሁለቱ ነው፤ ወይም ስለ ሁለቱ እንዲሆን ፈልጌ ነበር።

ከቀላሉ ልጀምር ብዬ ፊደሉን ማስተካከል ያዝኩ። የባለታሪኬን ስም በአንድ ቦታ «ኃይሉ»፣ በሌላ ቦታ «ሀይሉ»፣ በሦስተኛው «ሃይሉ» ብዬ ጽፌው አገኘሁ። ለሚያነበው ሰው ሦስቱም አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ስለሆኑ አንዱን ፈልጎ ሲያወጣልኝ ሁለቱን ይተዋቸዋል። ፀሐይም በአራት መልክ ወጥታብኛለች። ስለዚህ ደብተር ገዝቼ የመረጥኩትን አጻጻፍ በግራ፣ የጣልኩትን በቀኝ እየጻፍኩ እስከ ዛሬ እሞላዋለሁ። ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ ይጠቃለሉ የሚሉ ሰዎች ክርክራቸው ይገባኛል፤ እኔ ግን የግእዙን ሥር መከተል መረጥኩ። አባቴ በልጅነቴ «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ ማለት እንደሆነ፣ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን ሰው መስረቅ እንደሚሆን ነግሮኛልና ይህንን ሰርዤ መጻፍ አልቻልኩም። መጥበቅና መላላት ደግሞ በጽሑፋችን ስለማይታይ ሌላ ችግር አለው። በድርቁ ምዕራፍ «በሬው ይበላል» ብዬ ጽፌ ነበር፤ በሬው ሣር አገኘ ለማለት ነው። ያነበበልኝ ሰው አጥብቆ ስላነበበው በሬው የሚታረድ መስሎት ለአንድ ገጽ ሙሉ አዘነ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያደከመኝ «ነበር» ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ያለፈ ነገር የሚተርክ ሰው ካልተጠነቀቀ ዐረፍተ ነገሩ ሁሉ በአንድ ቃል ይዘጋበታል። ምዕራፍ ሦስትን ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብ በአንድ ገጽ ላይ 19 «ነበር» ቆጠርኩ፤ ሙቀጫ ላይ እንደሚወርድ ዘነዘና እኩል እኩል ይመታል። መቁረጡ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን «ይመጣ ነበር» ልማድን፣ «መጥቶ ነበር» ቀድሞ የተፈጸመን፣ «መጣ» አንድ ጊዜ የሆነን ስለሚነግር፣ ቃሉን ባወጣሁ ቁጥር ጊዜው ይዛባብኛል። በቦዝ አንቀጽ እያያያዝኩ ልሽሸው ብዬ «መጥቶ፣ አይቶ፣ ተቀምጦ፣ ተክዞ» እያልኩ ስሄድ ደግሞ ማሰሪያ አንቀጹ ይርቅና አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋበታል። ለዚህ ደንብ አላገኘሁለትም። እያንዳንዱን ገጽ በጆሮ መስማት ብቻ ነው።

ረቂቁን መጀመሪያ ያነበቡልኝ ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር ናቸው። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት በወረቀት አትሜ በእጄ ወስጄ ሰጠኋቸው፤ በቀይ እስክሪብቶ ሞልተው መለሱልኝ። በገጽ 23 ላይ «ቀበሌ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አስምረውበት፣ «በ1960 የትኛው ቀበሌ?» ብለው ጽፈዋል። እውነታቸውን ነው። ያን ጊዜ የአገሬው ሰው የሚያውቀው ጭቃ ሹሙን፣ ምክትል ወረዳውንና አውራጃ ገዢውን ነው፤ ቀበሌ የአስተዳደር ስም ሆኖ የመጣው ከደርግ ጋር ነው። የኃይሉንም ሚስት በእኔ ልጅነት የማውቀውን ቢጫ ጀሪካን አሸክሜያት ነበርና እንስራ ተካሁላት።

የኃይሉን እኅት ሰርግ መጋቢት 5 ቀን አድርጌው ነበር። ይህንን የያዙት አጎቴ ናቸው። አጎቴ መሪጌታ ስለሆኑ ቀኑን ስነግራቸው ወረቀት እንኳ አልጠየቁኝም፤ የጾምና የበዓላት ቀን በሚወጣበት በባሕረ ሐሳብ ስሌት፣ በጣታቸው አስልተው አወጡት። 1960 ከ5500 ጋር ሲደመር 7460 ዓመተ ዓለም ይሆናል፤ ለ19 ሲገደፍ 12 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመን ሲተው ወንበሩ 11 ነው። አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ሆኖ፣ ነነዌ የካቲት 4፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 18፣ ፋሲካ ደግሞ ሚያዝያ 13 ይውላል። ከዚያም ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ በሁዳዴ ማን ይድራል?» አሉኝ። ሰርጉን ወደ ጥር ባመጣው ኃይሉ ገና አልሸፈተም፤ ሙሽራዋም ወንድሟን በዓይኗ እየፈለገች የምታጣበት ቦታ ይፈርሳል። ስለዚህ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አደረግሁት። አንድ ቀን በመቀየሬ የሰማዩን፣ የማሳውንና የሌማቱን ነገር በሦስት ምዕራፍ ውስጥ እንደ አዲስ መጻፍ ግድ ሆነብኝ፤ ሦስት ሳምንት ወሰደብኝ።

እንዲህ ያሉት ስሕተቶች ግን ያደክማሉ እንጂ ግራ አያጋቡም፤ ሲያገኟቸው ይታረማሉ። እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነው።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ከክረምቱ ወዲህ ከእኔ ጋር ስለሆነች ማታ ማታ ቡና ስታፈላ አነብላታለሁ። ዝም ብላ ትሰማለች፤ አንዳንዴ የሰማችኝ አይመስለኝም። ምዕራፍ ዘጠኝን ባነበብኩላት ቀን ሁለተኛውን ስኒ እየቀዳች ሳለ እጇን አቁማ ጠየቀችኝ።

«ቆይ እስቲ፤ ይቺ ሴት እስከ አሁን ባሏን አንቱ ስትል አልነበረም?»

«አዎ።»

«ዛዲያ መቼ ደፈረችው?»

ወደ ኋላ ገልጬ አየሁ። እስከ ምዕራፍ ስምንት ድረስ «ይብሉ»፣ «ደከመዎት?»፣ «መቼ ይመለሳሉ?» እያለች ነው የምታናግረው። የዚያ ዘመን የገጠር ሚስት ባሏን እንዲህ ብላ ስትጠራ የሰማሁት ከአያቴ ስለሆነ ሆን ብዬ የጻፍኩት ነው። በምዕራፍ ዘጠኝ መጀመሪያ ላይ ግን ያለ ምንም ምክንያት «ልጁ ታሞብሃል» ትለዋለች፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አንተ ነው። ሁለቱን ምዕራፎች የጻፍኳቸው በሰባት ወር ልዩነት ሲሆን፣ መምህሩም አላዩትም፣ እኔም ቢያንስ ስድስት ጊዜ አንብቤ አልፌዋለሁ። ስሕተት ነው፣ አስተካክለዋለሁ አልኳት። እናቴ ግን ነገሩን እንደ ስሕተት አልወሰደችውም።

«ሴት ባሏን አንቱ ማለት የምትተወው» አለችኝ፣ «ወይ ስትንቀው ነው፣ ወይ ስታዝንለት ነው። የቷ ናት?»

አልመለስኩላትም፤ መልሱን አላውቀውም ነበር። የ400 ገጽ መጽሐፍ ጽፌ ስለነዚህ ሁለት ሰዎች ዋናውን ነገር አለማወቄ ያን ሌሊት አላስተኛኝም። ስለ ግብሩ፣ ስለ ርስቱ፣ ስለ ጥይቱ የጻፍኩት ሁሉ አለ፤ ሚስትየዋ በልቧ ባሏን ቀና ብሎ ከማየት አጠገቡ ወደ መቆም የተሻገረችበት ቀን ግን የለም። እጄ ሳላስበው መሻገሯን ጽፎታል፤ የተሻገረችበትን ቦታ ግን አልጻፈም።

ጎዶሎውን ቦታ ለማግኘት አሥር ቀን ያህል ፈጀሁ። መጀመሪያ ጠብ ሞከርኩ፤ ባሏን ስትሰድበው የራሴ ጆሮ አልተቀበለውም። በኋላ ይህችን ጻፍኩ። ኃይሉ ከሁለት ወር በኋላ በሌሊት ይመጣል። እርሷም እንደ ወትሮው ውሃ አሙቃ እግሩን ልታጥብ ትንበረከካለች። የውስጥ እግሩ በእሾህና በድንጋይ ተሰንጥቆ ታያለች፤ ሲነካ እንደ ሕፃን እግሩን ይሰበስባል፤ አመመኝ ማለት ግን ያፍራል። ልነሣ፣ ሳይነጋ ልሂድ ይላል። «ቁጭ በል» ትለዋለች። «ቁጭ ይበሉ» ሳይሆን «ቁጭ በል»። ሁለቱም የሰሙትን ቃል ሰምተው ዝም ይላሉ፤ እርሱም ይቀመጣል። አንድ ገጽ ተኩል አይሞላም። ከመጽሐፉ ሁሉ ይህ ገጽ ቢቀር መጽሐፉ እንደማይኖር አሁን አውቃለሁ፤ ይህንንም ያገኘሁት ስጽፍ ሳይሆን ሳርም ነው።

የመጣው ሥራ ግን ከዚያ በፊት ከነበረው ሁሉ የከበደ ሆነ። የቃል ስሕተት በኮምፒውተር ይፈለጋል። አክብሮት ግን በአማርኛ በተውላጠ ስሙ ብቻ የተቀመጠ ሳይሆን በግሡ ጅራት ውስጥ የተሸሸገ ስለሆነ ምንም ፈላጊ አያወጣውም። «መጡ»ን ብፈልግ የመንደሩ ሰው ሁሉ የመጣበት ቦታ ይወጣልኛል። ስለዚህ የሚስትየዋን ንግግር ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ፣ በእርሳስ እያከበብኩ አንድ በአንድ መፍረድ ነበረብኝ። ከዚያ ሌሊት በኋላም ነገሩ «አንተ» ብሎ ማለፍ አይደለም። በሰው ፊት አሁንም አንቱ ትለዋለች፤ በልጆቹ ፊትስ? ስትቆጣስ? ለሌላ ሰው ስታወራ «እሳቸው» ነው ወይስ «እሱ»? በእያንዳንዱ ቦታ ላይ የሚወሰነው ሰዋስው ሳይሆን የዚያን ዕለት የልቧ ሁኔታ ነው። ንግግሯን ሳርምም ያገሬውን «ዛዲያ» በየቦታው ትቼላታለሁ፤ ተራኪው ግን «ታዲያ» ይላል። መምህሩ ይህን አልወደዱትም፤ እኔ ግን እናቴ በጠየቀችኝ ቃል ሴትዮዋ ብትናገር ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ምዕራፍ ሙሉ ቆርጬ አውጥቻለሁ፤ ስለ እርሱ ብዙ ለመጻፍ አልችልም። አባቴ በወጣትነቱ ዋሸራ በተባለው የጎጃም ቅኔ ቤት ቅኔ ተምሯል። ተማሪ ቀኑን ለብቻው ተገልሎ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማታ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም ያቃናሉ፣ ወይም ይጥሉበታል። በነጋታው የትናንቱን ይዞ መቅረብ የለም፤ አዲስ ነው የሚፈለገው። ኃይሉን በልጅነቱ ወደዚያ ልኬው፣ አባቴ የነገረኝን ደበሎውን፣ ኮፋዳውን፣ የውሻውን ጩኸት ሁሉ በ38 ገጽ ጽፌ ነበር። አባቴ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። መምህሩ በምዕራፉ ግርጌ፣ «ልጄ፣ ይህ ያማረ ነው፤ ግን የኃይሉ አይደለም፤ ያንቺ ነው» ብለው ጻፉ። ሦስት ወር ተከራከርኩ። የኃይሉ ሚስት «ቁጭ በል» ካለች በኋላ ግን ኃይሉ ቅኔ ያውቅ እንደነበር ለታሪኩ ምንም እንደማይጨምር በግልጽ ታየኝ። ገጾቹን አሳትሜ በአባቴ ዳዊት ውስጥ አስቀመጥኳቸው።

አሁን ረቂቁ 331 ገጽ ነው። በእርሳስ ካከበብኳቸው ንግግሮች ውስጥ ያልፈረድኩባቸው የምዕራፍ አሥራ አራት ናቸው። ሚስትየዋ ባሏን ከሽፍትነት ለማስገባት ከሽማግሎች ፊት ቀርባ ስለ እርሱ ትናገራለች፤ ንግግሯ ሁለት ገጽ ይሆናል። «እሳቸው» ብላ እንደምትጀምር ጥርጥር የለኝም። ወደ መካከሉ ላይ ግን፣ ስለ እግሩ መሰንጠቅ ስትነግራቸው፣ አንድ ጊዜ «እሱ» የሚል የሚያመልጣት ይመስለኛል፤ ሽማግሎቹም የሚሰሙት ይመስለኛል። ትናንት ማታ በሁለቱም መንገድ ጽፌ አስቀምጫለሁ። እናቴ ለማርያም ማኅበር ወደ አገር ቤት ሄዳለች፤ እሑድ ስትመለስ ሁለቱንም አነብላታለሁ።