የአጎቴ ስም ቃለ ጉባኤው ላይ

ባለፈው ቅዳሜ ቡና እየጠጣን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "ቆይ ግን፣ ይሄ የተፋሰስ ኮሚቴ የምትይው ነገር ይከፈልሻል?" አለችኝ። አይከፈለኝም። ትራንስፖርቱም ከኪሴ ነው። "ታዲያ ምን ይሁነኝ ብለሽ ነው?" አለች። የዚያን ሰዓት የረባ መልስ አልሰጠኋትም። ተለያየን። ሳምንቱን ሙሉ ግን ጥያቄዋ ከጭንቅላቴ አልወጣም፣ እዚህ ልመልስላት ነው።

ከባህር ዳር ወጣ ብላ ጣና ዳር ባለች ቀበሌ የተፋሰስ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩባት ቀበሌ ናት። አሁን ከተማ ነው የምኖረው፣ እናቴ ግን እዚያው ናት፤ እሑድና በዓል እዚያው ነኝ። ኮሚቴው ሰባት ሰው ነው። ሁላችንንም ነዋሪው ነው እጅ አውጥቶ የመረጠን። ሰብሳቢያችን ገበሬ ናቸው፣ ገንዘብ ያዧ ጠላ ሸጣ ልጆቿን የምታስተምር ሴት ናት። እኔን የመረጡኝ መጻፍ ስለምችልና የማን ልጅ እንደሆንኩ ስለሚያውቁ ነው። ስብሰባችን የሚሆነው በበዓል ቀን ነው። በ12 ሚካኤል ወይም በ21 ማርያም ገበሬው በሬ አይጠምድም፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ሲመለስ ዋርካው ሥር ይቀመጣል፣ እኔም ደብተሬን አወጣለሁ።

ተፋሰስ የሚለውን ቃል ሰው የቢሮ ቃል አድርጎ ያየዋል። ነገሩ ቀላል ነው። ዝናቡ ከየትኛው ጉብታ ተነስቶ፣ በማን ማሳ አልፎ፣ የትኛው ቦረቦር ውስጥ ገብቶ የት እንደሚደርስ ማለት ነው። የእኛ መጨረሻው ጣና ነው። ጣና ደግሞ ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታ ግን 15 ሜትር ገደማ ነው። ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ በየክረምቱ ቀይ ሆነው ሲገቡ ያየ ሰው ያ ሁሉ አፈር የት እንደሚተኛ ማሰብ አያቅተውም። በክረምት ነጭ አሳ እንቁላሉን ሊጥል ሽቅብ ወደነዚያው ወንዞች ይወጣል፣ ንጹሕ ጠጠር ፈልጎ። ጠጠሩን ደለል ሲሸፍነው የአሳው ነገር ምን እንደሚሆን ለአሳ አጥማጅ አይነገረውም።

የተፋሰስ ሥራ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያውቀው ዘመቻውን ነው። ጥርና የካቲት ላይ ሕዝቡ ዶማና አካፋውን ይዞ ይወጣል፣ እርከን ይሠራል፣ ቦረቦሩን በድንጋይ ክትር ይዘጋል። ደስ የሚል ጊዜ ነው፣ ልጅ ሆኜ ውሃ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ዘመቻው አልቆ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን እርከኑ ብቻውን ይቀራል። ከብት ይወጣበታል። አንዱ ድንጋዩን ለአጥሩ ይወስደዋል። ሌላው ማሳው እንዲሰፋለት አንድ ትልም ያህል ይገፋዋል፣ በዓመቱ ደግሞ ሌላ ትልም። የኮሚቴው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው የሚጀምረው። ጎረቤትህን "ተው" ማለት። ከጎረቤትህ ጋር ደግሞ ዕድር አለህ፣ ማኅበር ትጠጣለህ፣ ልጁን ክርስትና አንስተሃል።

የእምቦጭ አረሙም እንደዚያው ነው። ጣና ላይ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ሐይቁ በዩኔስኮ የባዮስፌር ቀጠና ሆኖ ከመመዝገቡ አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ላየው ያምራል። ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ከአዲስ አበባ ድረስ ወጣቶች በአውቶቡስ መጥተው ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉ አይተናል። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ከልቤ ነው የምለው። ግን እምቦጩን የሚያፋፋው ከማሳው ታጥቦ የሚወርደው ማዳበሪያና ከከተማው የሚፈሰው ቆሻሻ ነው። ያ ካልቆመ የተነቀለው ቦታ ላይ ተመልሶ ይበቅላል።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ።

ክረምቱ ወጥቶ የሐይቁ ውሃ መሸሽ ሲጀምር ከሥሩ ጥቁር እርጥብ መሬት ይወጣል። ባህር ሽሽ እንለዋለን። ያለ ማዳበሪያ የሚያበቅል መሬት ነው። ሽምብራ፣ ጓያ፣ በቆሎ፣ ፓምፕ ላለው ደግሞ ሽንኩርት። ገበሬው ውሃውን እየተከተለ ይወርዳል፣ በየዓመቱ ትንሽ ወደ ታች፣ ትንሽ ወደ ታች። እዚያ የነበረው ደንገል ይታጨዳል ወይም ይቃጠላል። እኔ ልጅ ሳለሁ ደንገሉ ከሰው ቁመት በላይ ነበር፣ ከብት ገብቶበት ከጠፋ የሚገኘው በድምፁ ነው። ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ደንገል የሚያጭዱት ከኛ ዳር ነበር። አሁን ሌላ ቦታ ፍለጋ ይሄዳሉ። ደንገል ከላይ የመጣውን ደለል ያስቀራል፣ ቀረሶ የሚባለው አሳ ጫጩቱን የሚደብቀው እዚያ ነው፣ ሥሩ ዳሩን ይይዛል። እሱ ሲጠፋ ማሳውና ሐይቁ ፊት ለፊት ተገናኙ።

ኮሚቴያችን ካቻምና አንድ ነገር ወሰነ። ውሃው ሲሞላ ከሚደርስበት ወዲህ ለክተን የባህር ዛፍ ችካል ተከልን። ከችካሉ እስከ ውሃው ያለው አይታረስም፣ ለደንገልና ለሳር ይለቀቃል። ከችካሉ በታች የሚያርሱ ሰዎች ስም ይጻፍ ተባለ። ዘጠኝ ቤተሰብ ነበር። ጻፍኩ። ሦስተኛው ተራ ላይ የአጎቴን ስም ጻፍኩ፣ የእናቴን ወንድም።

ይሄ ሰው ማን መሰላችሁ? ዘጠነኛ ክፍል ባህር ዳር ስገባ የቤት ኪራዬን የከፈለልኝ እሱ ነው። ከምን ከፈለልኝ? እዚያው ባህር ሽሽ ላይ ካወጣው ሽንኩርት። አራት ዓመት ሙሉ። የተማርኩት በዚያ መሬት ነው፣ የጻፍኩበትን ፊደል ያስቆጠረኝ ያ መሬት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስሙ ሲነበብ ከተቀመጠበት ተነሳ። "በእጅሽ ጻፍሽው?" አለኝ። "አዎ ጋሼ" አልኩት። ነጠላውን አስተካክሎ ሄደ። የዚያን ዓመት ፋሲካ ቤታችን አልመጣም። እናቴ ምንም አላለችኝም፣ የእሱን ድርሻ ሥጋ ለብቻ አስቀምጣ ሁለት ቀን ስትጠብቅ ግን አይቻለሁ። ደብተሩን ለሰብሳቢያችን መልሼ ልተወው ደርሼ ነበር። እሳቸው "ልጄ፣ አንቺ ስትለቂ የሚገባው ሰው የአጎትሽን ስም ይጽፋል፣ ያንቺን አጎት ግን አያውቀውም" አሉኝ። ቆየሁ።

አንድ ነገር ሳነብ የገረመኝን ልንገራችሁ። አሜሪካም እንደኛ ያለ ኮሚቴ አለ፣ የጥበቃ ወረዳ እንደማለት ነው። የመጣው ከመከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ድርቁና አጉል እርሻው ሜዳውን አቧራ አድርጎት ሰማዩ ይጠቁር ነበር። ሂዩ ሃሞንድ ቤኔት የሚባሉ የአፈር ባለሙያ ምክር ቤት ቀርበው ሲከራከሩ ያ አቧራ ዋሽንግተን ድረስ መጣ። በ1935 የአፈር ጥበቃ ሕጉ ጸደቀ። በ1937 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለየግዛቱ ገዢዎች የሕግ ረቂቅ ላኩ፣ በዚያው ዓመት የመጀመሪያው ወረዳ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ብራውን ክሪክ ላይ ተቋቋመ። ዛሬ ወደ 3,000 የሚጠጉ አሉ፤ ቦርዱ ላይ የሚቀመጡት የዚያው አካባቢ ነዋሪዎች ናቸው፣ አብዛኞቹም ደመወዝ የላቸውም። እነሱ ዘንድ መሬቱ የገበሬው የግል ነው፣ እኛ ዘንድ የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ገበሬው የይዞታ ማረጋገጫውን፣ አረንጓዴ ደብተር የምንለውን፣ ይይዛል። በዚህ አንገናኝም። ግን ያ ሁሉ ገንዘብና ባለሙያ ያለው አገር እንኳ ነገሩ ያለ ጎረቤት እንደማይሆን አውቆ ወደ ጎረቤት መለሰው። እኔ ይሄን ሳነብ እኩለ ሌሊት ነበር፣ ብቻዬን ሆኜ ልቤ ሞላ።

ለነገሩ እኛም ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም ነበር። ከባህር ዳር በጀልባ ዘጌ የወረደ ሰው ያውቀዋል። አባቶች እንደሚተርኩት አቡነ በትረ ማርያም እዚያ መሬት በበሬ እንዳይታረስ ገዝተዋል፣ ሕዝቡም ለዘመናት በቡናውና በጫካው ኖሯል።

አጎቴ ግን ትክክል የነበረበት ነገር ነበር፣ ይሄን ሳልጽፍ ባልፍ ሐሰት ይሆንብኛል። ባህር ሽሹ አረንጓዴ ደብተሩ ላይ የለም፣ ያንን ያውቃል። ደብተሩ ላይ ያለው ከላይ ያለው ማሳ ደግሞ ለስድስት ሰው አይበቃም። የለቀቀውን የሚተካ ነገር ልንሰጠው አልተዘጋጀንም ነበር። መጀመሪያ ችካል ተከልን፣ ስለ ሰዎቹ ምግብ ያሰብነው በኋላ ነው። ጥፋቱ የኛ ነው፣ የኔም ነው።

ሦስት ስብሰባ ፈጀ። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ከችካሉ በታች የበቀለውን ሳር አጭደው የሚወስዱት ቦታውን የለቀቁት ዘጠኙ ቤተሰቦች ናቸው፣ ሌላ ሰው አይገባበትም። ልቅ ግጦሽ የለም፣ ታጭዶ ነው ከብት የሚበላው። ሳሩን ለከተማ ወተት አርቢዎች የሚሸጥም አለ። ከሽንኩርት ጋር ይተካከላል? አይተካከልም። ሁለቱ ቤተሰብ አሁንም አኩርፈዋል፣ አንደኛው ሌሊት ችካል ነቅሎ ተይዟል፣ በደንባችን መሠረት ቀጥተነዋል፣ ከፍሏልም። በዚህ ክረምት ማለቂያ ላይ ግን ደንገሉ ሰው ጉልበት ደርሶ ነበር። ሄጄ ነካሁት።

ባልደረባዬ፣ ምን ይሁነኝ ብለሽ ነው ላልሽኝ፣ ትልቁ ምክንያቴ ይሄ ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ቢመጣ አጎቴ ማንን ይጠይቃል? ደብዳቤን "በእጅሽ ጻፍሽው?" አይባልም። እኔን ግን ጠየቀኝ። ዓይኔን አየ። እኔም እዚያው ነበርኩ፣ በሚቀጥለው ስብሰባም፣ በሚቀጥለው ተዝካርም እዚያው ነበርኩ።

ሌላም ልጨምር። እንደኛ ያለ ኮሚቴ የሚያንሰው ዶማ አይደለም፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ነው። ካልተጻፈ ውሳኔው ሰብሳቢው ሲቀየር ይጠፋል። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ፣ ዲኤው፣ ተዛውሮ ሌላ ሲመጣ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ከገጠር ወጥታችሁ ከተማ ያላችሁ ልጆች፣ በተለይ ሴቶች፣ በወር አንድ የበዓል ቀን ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሴቶች ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ውሃ የምትቀዳው፣ ሳር የምታጭደው፣ ማገዶ የምትለቅመው እሷ ናት፤ ስብሰባው ላይ ግን ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ገንዘብ ያዧ መጀመሪያ ሰሞን ስትናገር ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ሒሳብ ስታቀርብ ወንዶቹ ዝም ብለው ይሰማሉ።

ባለፈው የኅዳር ሚካኤል አጎቴ ስብሰባው መጣ። ዳር ላይ ቁጭ አለ። ሰው ሲበተን ወደ እኔ መጥቶ "እስቲ ያን ደብተር አንብቢልኝ፣ የኔን ያለበትን" አለኝ። ማንበብ አይችልም። ገጹን አውጥቼ ከላይ ጀምሬ እስከ ፊርማው አነበብኩለት። ትንሽ ዝም አለና "ያኔ የተናገርኩት የለበትም" አለ።

እውነቱን ነው። ያን ቀን ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ የተናገረው ነበር። እኔን ከዳሩ ታስነሱኛላችሁ፣ ከተማው ግን ቆሻሻውን በቦይ ወደ ባህሩ ይለቃል፣ መኪና አጣቢው ዘይቱን እዚያው ያፈሳል፣ እነሱን ማን ነው የሚጽፋቸው? ብሎ ነበር። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር አልጻፍኩትም።

እዚያው ዋርካው ሥር ተቀምጬ ሰብሳቢያችንን አስጠርቼ በአባሪ ጻፍኩት፣ እሱ በጣቱ ፈረመበት፣ እኛ ፈረምን። በሳምንቱ ደብዳቤ አድርገን ለሚመለከተው ቢሮ አስገባን። ቅጂው እኔ ጋ አለ። መልስ ገና አልመጣም። ማክሰኞ ለመጠየቅ እሄዳለሁ፣ ጋሼም አብሬሽ እሄዳለሁ ብሏል።