አልበራ ያለኝ የመንገድ መብራት

ሥራው ትዕዛዝ ነበር። በረዶ የለበሰ ከተማ፣ አመሻሽ ላይ፣ የመንገድ መብራቶች ገና እንደበሩ። በዘይት ቀለም፣ 80 በ100 ሳንቲሜትር ሸራ ላይ። ማስረከቢያው ቀርቦ ስለነበር ተጣድፌያለሁ።

በረዶ ነጭ ነው አይደል? ቲታኒየም ነጭ የሚባለውን ቀለም ከቱቦው እንደወጣ ጣሪያው ላይ፣ መኪኖቹ አናት ላይ፣ እግረኛ መንገዱ ላይ ለቀለቅሁት። ከዚያ ወደ መብራቶቹ መጣሁ። ነጭ ላይ ትንሽ ቢጫ ጠብ አድርጌ አምፖሉን ነካሁት። አልበራም። ነጭ ጨመርኩበት። ጭራሽ ደበዘዘ።

የስቱዲዮው ዋና ሠዓሊ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ "ይሄ በረዶ ነው ወይስ ኖራ?" አሉኝ።

"በረዶ ነው ጋሼ።"

"ታዲያ ነጩን ሁሉ እሱ ከጨረሰው መብራቱን በምን ልታበራው ነው?"

ግራጫ ካርቶን አንስተው መሃሉን የጥፍር ያህል ቀደዱና የምሠራበት ፎቶ ላይ አስቀመጡት። በቀዳዳው የታየኝ "ነጭ" በረዶ ከካርቶኑ ራሱ የጠቆረ፣ ሰማያዊ የቀላቀለ ግራጫ ነበር! በረዶ መሆኑን ስለምናውቅ ነጭ አድርገን እናየዋለን እንጂ፣ ሲመሽ መልሶ የሚያሳየን የሰማዩን ቀለም ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ በ1860ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በሣላቸው የበረዶ ሥዕሎች ላይ ጥላው ለምን ሰማያዊ እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ ስንቴ አይቼው እንዳላየሁ አልፌዋለሁ።

የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም። ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ነው የሚጠነክረው፣ ለዚያ ደግሞ ቀናት ይፈልጋል። ያተረፈኝ ይሄ ነው። ነጩን በፓሌት ቢላ (ቀለም መቀላቀያ ቢላ) ፋቅሁት፣ የቀረውን በጨርቅ ጠረግሁት። አልትራማሪን ሰማያዊን በርንት ሲና ከሚባለው ቀላ ያለ ቡናማ ጋር ቀላቅዬ ግራጫ አወጣሁና ነጭ በጥቂቱ እየጨመርኩ በረዶውን እንደገና ሠራሁት። በጥቂቱ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቲታኒየም ነጭ ኃይለኛ ነው፣ ትንሽ ካበዛህበት ሌላውን ቀለም ሁሉ ውጦ ጠመኔ ያስመስለዋል። የመብራቱ ብርሃን የሚያርፍበት በረዶ ላይ ብቻ ሞቅ ያለ ብርቱካናማ ጣል አደረግሁ።

መጨረሻ ላይ የጥፍር ጫፍ የምታክል ነጭ በቢጫ ነካ አድርጌ፣ ወፈር አድርጌ አምፖሉ ላይ አሳረፍኳት።

በራ!

ጋሼ ካርቶኗን ትተውልኝ ሄዱ። እስካሁን ፓሌቴ (ቀለም መቀላቀያ ሰሌዳዬ) ሥር አለች፣ የቀዳዳዋ ዙሪያ በሰማያዊ ተለቅልቆ።