የፊዚክስ ማስታወሻዬ፣ 3ኛ ወር፦ ባጃጁ ያሳሳተኝ

በዚህ ወር የያዝኩት ርዕስ የዩኒቨርስ መስፋት ነው። መጀመሪያ ግን የዶፕለር ክስተት የሚባለውን በጆሮዬ ማረጋገጥ ፈለግኩ። የሚመጣ ነገር ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲርቅ ይወፍራል። በ1845 ሆላንድ ውስጥ ጥሩምባ ነፊዎችን ባቡር ላይ ጭነው ነው የሞከሩት። እኔ ያለኝ የጎረቤቴ ባጃጅ ነው።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ማለዳ 12 ሰዓት። «ክላክሱን ሳትለቅ እለፈኝ» አልኩት። «አቦ፣ ሰው ተኝቷል!» አለ፤ ግን አደረገው። በስልኬ ስለካው ሲመጣ 440 ኸርዝ፣ ሲርቅ 420። ልዩነታቸውን ለድምራቸው አካፍዬ በድምፅ ፍጥነት አባዛሁ። መጽሐፉ የድምፅን ፍጥነት በሴኮንድ 343 ሜትር ይላል፤ ያ ግን ለ20 ዲግሪ ነው። ድሬ ላይ 20 ዲግሪ ማን አየ? ለ30 ዲግሪ 349 ወሰድኩ። በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ወጣ። እሱም «ከ30 አላለፍኩም» አለኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሃብል በ1929 ጋላክሲዎች በራቁ ቁጥር ፈጥነው እንደሚሸሹ አሳየ፤ ብርሃናቸው ወደ ቀይ ያደላል፣ ማለትም ሞገዱ ይረዝማል። እኔም ጋላክሲን ባጃጅ፣ ብርሃንን ክላክስ አደረግኩት። ታዲያ ሁሉም ከኛ የሚሸሽ ከሆነ መሃሉ ላይ ያለነው እኛ ነን? ሁለት ሳምንት እዚህ ተቸነከርኩ።

የገላገለኝ ፊኛ ነው። በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጌ ስነፋው ነጥቦቹም አብረው ፋፉ። ይሄ ልክ አይደለም፤ ጋላክሲን ስበት ስለሚይዘው አይለጠጥም። ነጥቡን ትቼ ምስር ለጠፍኩበት። የትኛውም ምስር ላይ ብትቆሙ ሌሎቹ ይርቋችኋል፤ ፊኛው ቆዳ ላይ መሃል የሚባል የለም። ምስሮቹ አልሮጡም፣ የተለጠጠው በመካከላቸው ያለው ቆዳ ነው። መንገድ ላይ ያለ ብርሃንም አብሮ ይለጠጣል። የሞገዱ ርዝመት እጥፍ ሆኖ ከደረሰ፣ ሲነሳ በጋላክሲዎች መካከል የነበረው ርቀት የዛሬው ግማሽ ነበር ማለት ነው። ዩኒቨርስ 380,000 ዓመት ገደማ ሲሞላው የተለቀቀው ብርሃን ደግሞ እስከ ዛሬ 1,100 ጊዜ ያህል ተለጥጧል። ባጃጅ ይሄን አያስረዳም።

መስፋቱ እየፈጠነ መሆኑ በ1998 ታውቋል። ምክንያቱን ጥቁር ኃይል ይሉታል፤ ለእኔ ገና ስም እንጂ መልስ አይደለም።

ጎረቤታችን ጋላክሲ አንድሮሜዳ ግን ወደኛ እየመጣች ነው፤ ቅርብ ስለሆነች ስበት ያሸንፋል። ጨለማ ካለ በዓይን ትታያለች። ኅዳር ላይ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ደንገጎ ወጥቼ ልፈልጋት አስቤያለሁ። ባለባጃጁን ሳማክረው «ያንን ዳገት በዚህ ሞተር?» ብሎ ሳቀብኝ። ሚኒባስ እየፈለግኩ ነው።