ሻንሲው ላይ ያለው ቁጥር

ባለፈው ሳምንት ቨርጂኒያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በሌሊት ደወለ። «አገኘኋት!» አለኝ፣ ሰላምታም ሳያስቀድም። ያገኛት ላንድሮቨር 110 ናት። ሻጩ እ.ኤ.አ. በ1986 የተሠራች ነች ብሎታል። ኮንቴይነር ውስጥ ከቶ፣ በጅቡቲ አድርጎ፣ ደብረ ብርሃን ድረስ ሊያመጣት አስቧል።

ለምን እንደፈለጋት አልጠየቅኩትም። ሁለታችንም ላንድሮቨር ላይ ነው ያደግነው። አባባ ከደብረ ሲና ተነስተው፣ ጣርማበርን ወጥተው፣ በመዘዞና በሞላሌ አድርገው መሐል ሜዳ ድረስ ሰው ይጭኑ ነበር። ክረምት ላይ ጉሙ መንገዱን ሲውጠው ረዳቱ ወርዶ ከፊት ከፊት እየሄደ በባትሪ ያበራላቸዋል፤ እኛ ከኋላ በእህል ጆንያና በሰው ጉልበት መሐል ተጣበን እንቀመጣለን። መኪናዋ ዛሬም ግቢያችን ውስጥ አለች። ሞተሯም ይነሳል።

ስለዚህ ሐሳቡ ይገባኛል። ግን እዚህ ሕግ አለ፣ እዚያም ሕግ አለ፤ ሁለቱ ደግሞ የመኪና ዕድሜን የሚቆጥሩት በተቃራኒው ነው።

አሜሪካ ውስጥ ለገበያዋ ያልተሠራ፣ የደህንነት መስፈርቷን የማያሟላ የውጭ መኪና በቀላሉ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ሕግ በሩን በጣም አጠበበው። ከዚያ በፊት ሰው ከአውሮፓ በራሱ መንገድ እየገዛ ያስገባ ነበር፤ በ1985 ብቻ ከ60 ሺህ በላይ መኪና እንደዚያ ገብቷል። ሕጉ እንዲወጣ ከገፉት መሐል የመርሴዲስ ሰዎች ነበሩበት፣ ገበያቸው ተነክቶ ነበርና። አሁን መኪናው 25 ዓመት ከሞላው መስፈርቱ ይቀርለታል። ወጣቶች የሚያብዱላት የጃፓኗ መኪና፣ ኒሳን ስካይላይን ጂቲአር አር34፣ የወጣችው በጃንዋሪ 1999 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አሜሪካ በሕጋዊ መንገድ መግባት የቻሉት በጃንዋሪ 2024 ነው።

ያንኑ ወር፣ በእኛ ጥር 2016፣ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቁ። እዚያ አሮጌ መኪና እየጠበቁ ሲቀበሉ፣ እዚህ በሩ ተዘጋ።

ከዚያ በፊትም ቢሆን ቀላል አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ላይ የጣለው ታክስ፣ መኪናው በዕድሜ በገፋ ቁጥር እየከበደ ሄዶ እስከ 500 ከመቶ ይደርሳል። 1 ሚሊዮን ብር የምታወጣ አሮጌ ባለትልቅ ሞተር ላንድሮቨር ብትመጣ ኤክሳይዟ ብቻ ቢያንስ 5 ሚሊዮን ይሆናል ማለት ነው። ቫቱ አለ፣ 15 ከመቶ። ሱር ታክሱ አለ፣ 10 ከመቶ። ኬንያ ደግሞ ከ8 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና አታስገባም፣ ስለዚህ እኛ ብቻ አይደለንም። በሌላ በኩል ውሳኔው ሲታወቅ ኤሌክትሪክ መኪና ከቫት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ሆኖ፣ ተገጣጥሞ ከመጣ 15 ከመቶ ቀረጥ ብቻ ነበር የሚከፍለው። ደብረ ብርሃን አስፋልት ላይ ባጃጁን እየሸሸ ድምፅ ሳያሰማ የሚያልፈው የቻይና መኪና የበዛው በዚህ ነው።

ውሳኔውን አልቃወምም። ሀገሪቱ ለነዳጅ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች። ሌላው የጣለውን፣ ጭስ የሚተፋ፣ ፍሬኑ የማይታመን መኪና እየሰበሰብን መንገዳችን ላይ መልቀቅ የለብንም። የሚቆረቁረኝ ሌላ ነገር ነው። ሕጉ ለሥራ የሚመጣን አሮጌ መኪና ለቅርስ ከሚመጣው አይለይም። አንጎለላ ለተወለዱት ለምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ መኪና ነድቶ አዲስ አበባ ድረስ አምጥቶላቸዋል፤ ከመኪና ጋር ያለን ታሪክ ያን ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል። መሐል ሜዳን ከዓለም ጋር ያገናኛት ላንድሮቨር ነው ብል ማጋነን አይደለም። አራስ ሆስፒታል ያደረሰው እሱ ነው፣ ሬሳ የመለሰው እሱ ነው፣ የአስተማሪ ደሞዝ ያመጣው እሱ ነው።

አሜሪካኖቹ ለዚህ መላ አበጅተዋል። ቢል ጌትስ የገዛት ፖርሽ 959 የስፖርት መኪና ጉምሩክ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተይዛበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ግን በታሪክ ወይም በቴክኖሎጂ ልዩ ለሆኑ ጥቂት መኪናዎች የተለየ ፈቃድ መጣ። መኪናዋ ትገባለች፣ ነገር ግን በዓመት ከ2,500 ማይል በላይ አትነዳም፤ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ነው። እኛም ብንል? በዓመት በጣት የሚቆጠሩ መኪናዎች፣ የራሳቸው ሰሌዳ፣ የኪሎ ሜትር ገደብ፣ ለሰው መጫኛ የማይውሉ፣ የማይሸጡ። ይህን ከልቤ ነው የምለው፣ የሚመለከተው ሰው ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ግን እንዲህ ያለ በር እንዲከፈት የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ እጁ ንጹሕ መሆን አለበት። ለአክስቴ ልጅም ያልኩት ይህንኑ ነው። እሱ ግን አንድ ደላላ «ወረቀቱን እናስተካክላለን» እንዳለው ነገረኝ።

«ተወው» አልኩት። «የሻንሲ ቁጥሯን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።»

ፋብሪካው ሻንሲው ላይ፣ የመኪናዋ አጥንት በሆነው ብረት ላይ፣ የሚመታውን መለያ ማለቴ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ስለማውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ጉምሩካቸው አንድ ላንድሮቨር ዲፌንደር በማሽን ሲጨፈልቅ ቪዲዮ አወጣ። መኪናዋ 25 ዓመት አልሞላትም ነበር፣ የአሮጌ መኪና ቁጥር ተለጥፎባት ነው የገባችው። በ2014 ደግሞ 40 ላንድሮቨሮች በአንድ ዘመቻ ከየሰው ግቢ ተወሰዱ። ብዙዎቹ ባለቤቶች በቅን ልቦና የገዙ ናቸው። ጠበቃ ይዘው ተከራከሩ፣ በዓመቱ ብዙዎቹ መኪናዎች ተመለሱላቸው። ያን ሁሉ ጣጣ ያመጣው ግን ቁጥር ነው።

በእኛም ቤት ደርሷል። ከዓመታት በፊት ቦሎ ልናወጣ ስንሄድ ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥርና ሻንሲው ላይ ያለው አይገጥምም ተባልን። አባባ ግቢ ውስጥ ጆንያ አንጥፈው ከመኪናዋ ሥር ገቡ። ቁጥሩ ከፊት በቀኝ በኩል፣ የባሌስትራው መያዣ ላይ ነው የተመታው፤ የሃያ ዓመት ጭቃና ግሪስ ለብሷል። የሽቦ ብሩሽ ናፍጣ እየነከርኩ አቀበልኳቸው። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ወጡ። ነጭ ወረቀት አስደግፈው በእርሳስ ሲፈትጉት፣ ሊብሬው ላይ 8 ተብሎ የተጻፈው 3 ሆኖ ተገኘ። ገልባጩ ነው የተሳሳተው። ያቺን አንዲት ቁጥር ለማስተካከል አራት ወር ፈጀ። መኪናዋ ቆመች፣ ገቢ የለም፣ ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። ያ መጉላላት ዛሬም ያናድደኛል። ቁጥሩን ማየታቸው ግን ልክ ነበር።

ፎቶው በማግሥቱ ደረሰኝ፤ ቁጥሩ የተጻፈባት ትንሽ የብረት ሰሌዳ ናት። ሞባይሌን ለአባባ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ፎቶውን በሁለት ጣት አስፍተው ብዙ አዩት።

«ሰሌዳዋ አሮጌ ናት» አሉ። «ሪቪቶቹ ግን አዲስ ናቸው። ለምን ተነቀለች?»

እኔ አላስተዋልኩትም ነበር። ብረቷ ዝጋለች፣ ዙሪያዋ ቀለሙ ተልጧል፣ ሰሌዳዋን አጣብቀው የያዙት አራቱም ሪቪቶች ግን ያብረቀርቃሉ። ለአክስቴ ልጅ ደወልኩና ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር ራሱን እንዲያይ፣ ሻጩ እንቢ ካለ ቀብድ እንዳይሰጥ ነገርኩት። ሻጩ «በኋላ ትደርስበታለህ» አለው። የአክስቴ ልጅም መኪናዋን ተዋት።

አሁን ክረምት ላይ ልምጣና የእኛዋን አብረን እንጠግናት እያለ ነው። መለዋወጫውን በሻንጣው ይዞ ይመጣል፣ እሱንም ቢሆን ጉምሩክ ላይ አስመዝግቦ። አባባ ይህን ሲሰሙ ምንም አላሉም። ማታ ላይ ግን ግሪስ በጨርቅ ይዘው መኪናዋ ሥር ሲገቡ አየኋቸው፣ በቀኝ በኩል፣ ከፊት።