ዝገት ነው ብሎ ያልፋል

ይህን ታሪክ ለባልደረቦቼ ስንት ጊዜ እንዳወራሁት አላስታውስም። ሁልጊዜ የማወራው ግን ግማሹን ነው፤ የሚያስቀውን ግማሽ። ሌላኛውን እየዋጥኩት ነው የኖርኩት።

ነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ ቆቦ ሜዳ ላይ ነን። የአንድ ቀበሌ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ፓምፑ ተቃጥሎ አዲስ ልንገጥም ሄደናል። 54 ሜትር ላይ የሚቀመጥ ሰብመርሲብል፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ተጠልቆ የሚሠራ ፓምፕ ነው፤ ባለ 6 ሜትር ዘጠኝ ቧንቧ ማለት ነው። እኔ ኤሌክትሪኩን ይዣለሁ፣ ጋሼ ቧንቧውን ይዘዋል፣ ሁለት ረዳቶች አሉ፣ በሰዓት የሚከፈልበት ክሬን አለ፣ ኢንጂነሩም አለ። የድርጅቱን ስም እንተወው። ኢንጂነሩንም ኢንጂነሩ ብቻ እንበለው፤ ሲጠሩት የሚወደውም እንደዚያው ነው።

ጋሼ በወረቀት የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። በተግባር የኬብሉንም፣ የክሬኑንም፣ የሰዉንም ጠባይ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ደመወዛቸው ግን ከሁላችንም ያንስ ነበር።

አሁን ወደ ሰንጢዎቹ ልምጣ።

የኔን የአክስቴ ልጅ ነው ከአሜሪካ ያመጣልኝ። ጥቁር እጀታ ያለው፣ ኪስ ላይ በክሊፕ የሚንጠለጠል፣ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ጠቅ ብሎ የሚከፈት። ሥራ በፈታሁ ቁጥር ስለ ብረቱ ነበር የማወራው። ብረቱን አቅልጠው በጋዝ ግፊት ዱቄት ያደርጉታል፣ ዱቄቱን በሙቀትና በጭነት መልሰው ያጣብቁታል፣ ውስጡ ቫናዲየም አለበት፣ ጥንካሬው በሮክዌል መለኪያ 61 ነው... ረዳቶቹ በቃላቸው ይዘውት ነበር። «ይሄ መሳል አያስፈልገውም» እል ነበር። እውነቱ፣ እንዴት እንደሚሳል አላውቅም ነበር።

የጋሼ ደግሞ የእንጨት እጀታ ያላት ትንሽ ነገር ናት። አንገቷ ላይ የሚዞር የብረት ቀለበት አላት። ስለቷ ጠቁሯል፤ ከመሳል ብዛትም ቀጥኖ የወፍ ምላስ መስሏል። በ77ቱ ድርቅ ኮረም መጠለያ ውስጥ ከፈረንሳዮች ጋር ውሃ ሲያመላልሱ፣ አንደኛው አገሩ ሲገባ ሰጥቷቸው ነው የሄደው። ስለዚያ ጊዜ ከዚህ በላይ አውርተውኝ አያውቁም። እኔም አልጠየቅኩም።

ዝናብ ሲነካት እንጨቱ ያብጥና ስለቷ አልወጣ ትላለች። ያኔ ጋሼ የእጀታዋን ቂጥ ቧንቧ ላይ ኳ ያደርጉታል። ስለቷ ብቅ ትላለች። «ቢስሚላህ» ይላሉ። እኔና ረዳቶቹ እንስቃለን። «የኖኅ ሰንጢ» ነበር ስሟ በእኛ ዘንድ።

የዚያን ቀን የፓምፑን ጭራ፣ ከፓምፑ የሚወጣውን አጭር ኬብል፣ ጋሼ፣ ወደ ላይ የሚወጣውን ኬብል እኔ መላጥ ጀመርን። የሠራበት ያውቃል፤ የውጪውን ልባስ ስትልጥ የውስጦቹን ገመዶች ጫፋቸውን እንኳ መንካት የለብህም። ጋሼ ዙሪያውን ጫር አድርገው ኬብሉን እጥፍ ያደርጉታል፤ ልባሱ ጫሩ ላይ ራሱ ይሰነጠቃል። ለእኔም ብዙ ጊዜ ነግረውኛል። «እስከ ታች አትቁረጠው። እስከ ታች ከቆረጥክ ሥጋው ጋ ደረስክ ማለት ነው።»

እኔ ግን ለምን አጥፌ እሰቃያለሁ? ቫናዲየም ይዤ!

ችግሩ፣ ያለፈውን ቀን ሙሉ በዚያ ሰንጢ ያልሠራሁት ነገር አልነበረም። የቧንቧ ማሰሪያ ቆርቆሮ ቆርጬበታለሁ። የቧንቧ ጥርስ ላይ የደረቀ ቃጫ ፍቄበታለሁ። ሲያዩት እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። በአውራ ጣት ሲዳብሱት ግን የማንኪያ ጀርባ ሆኗል። ስለዚህ ጫን አልኩት። እምቢ አለ። የባሰ ጫን ስለው ሸርተት ብሎ ገባ።

ቆም ብዬ አየሁ። ከውስጥ ገመዶቹ ሰማያዊዋ ላይ ፀጉር የምታክል ጭረት አለች። ጥፍሬን አሳለፍኩባት። አልያዘኝም ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ይዞኛል።

ገመዶቹን አገናኘን፣ ሂት ሽሪንኩን፣ በሙቀት የሚጠብቀውን የፕላስቲክ ሽፋን፣ በእሳት አጠበቅን፣ ከላይ ናስትሮ ጠመጠምን። ጭረቷ ሽሪንኩ ካልደረሰበት ቦታ ነበረች፤ በናስትሮው ተሸፍና ቀረች። ልባሱ ኤሌክትሪክ ማፍሰስ አለማፍሰሱን በሚያሳየው መለኪያ፣ በሜገር፣ ስንለካው የቆጣሪው መርፌ ጥግ ድረስ ሄደ፤ ደህና ነው ማለት ነው። ደረቅ ላይማ ምን ይከለክለዋል? ማውረድ ጀመርን። በየሦስት ቧንቧው እያቆሙ መለካት እንዳለበት ኢንጂነሩም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ኢንጂነሩ ሰዓቱን አየ፣ ክሬኑን አየ፣ ሰማዩን አየ። «ዝም ብላችሁ አውርዱት፤ መጨረሻ ላይ እንለካዋለን» አለ። ይህን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። እንዲሁ ትዝ ስላለኝ ነው።

መጨረሻ ላይ ለካነው። 0.1 ሜጋ ኦም። ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃው እየፈሰሰ ነው ማለት ነው።

ዘጠኙን ቧንቧ ስናወጣ ዝናቡ መጣ። አንድም ሰው አልተናገረም። ክሬኑ ብቻ ነበር የሚያጉረመርመው። ፓምፑ ወጣ፣ ናስትሮው ተፈታ፣ ሰማያዊዋ ላይ ያቺ ጭረት አፏን ከፍታ ውሃ ጠጥታለች። ያለችው እኔ በላጥኩት በኩል ነው። የትኛውን ማን እንደላጠ የምናውቀው እኔና ጋሼ ብቻ ነን።

ኢንጂነሩ ጎንበስ ብሎ አያት። ከዚያ ዓይኑ ሸራው ላይ ወደተቀመጠችው የጋሼ ጥቁር ሰንጢ ሄደ። በሁለት ጣቱ አነሳት፣ የሞተ አይጥ እንደሚነሳ።

«ጋሼ፣ ኬብል የሚልጡት በዚህ ነው?»

ዝም።

«ይሄ እኮ ዝገት ነው። ይሄን ሁሉ የክሬን ሰዓት፣ በዚህ ዝገት?»

አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር ዛሬም አላውቅም። «እኔ ነኝ» ልል ነበር ብዬ ማመን ደስ ይለኛል። ጋሼ ቀደሙኝ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «እጄ ሳተ።»

ኢንጂነሩ ወደ እኔ ዞረና እጁን ዘረጋ። «ያንተን እስቲ።» ሰጠሁት። ገፋ አደረገው። ጠቅ። ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተው። ጠቅ። «መሣሪያ ማለት እንዲህ ነው» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም እንደዚህ ዓይነት ነው የምትይዙት።»

እኔም ራሴን ነቀነቅኩ።

ዝም ማለቴን ፈርቼ ነው ብዬ ራሴን ይቅር ብዬዋለሁ። ያቺን መነቅነቅ ግን ምን እንደምላት አላውቅም። ማንም አላስገደደኝም። አንገቴ በራሱ ነው የሄደው።

ማታ ያረፍንበት ቤት ቡና ተፈላ። ኢንጂነሩ ወደ ወልድያ ሄዷል። አቦሉን ጠጥተን ረዳቶቹ ወጣ ሲሉ ጠብቄ፣

«ጋሼ፣ ለምን?» አልኳቸው።

«ለምን ምን?»

«የኔ ነበረች እኮ።»

«አውቃለሁ። በጥፍርህ ስትዳብሳት አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አላስቆሙኝም?»

«ጥፍርህን አመንኩ።»

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። እንደተናደዱ እንኳ አያስታውቅባቸውም። እንደ ቧንቧ ልክ ነበር የሚያስረዱኝ።

«የኔ ሲሆን ዝገት ነው ብሎ ያልፋል። ያንተ ቢሆን ግን ሰንጢው ጥሩ ነው፣ ሰውየው ነው ችግሩ ሊል ነው። አብሽር፣ ጠጣ።»

ከዚያ የጠጡበትን ሲኒ ገለበጡት። የሲኒ ቂጥ ላይ ቀለም ያልነካው ሸካራ ቀለበት አለ አይደል? ጥቁሯን አውጥተው እዚያ ላይ ጋደም አደረጓት። ሽው። ገልብጠው፣ ሽው። በግራም በቀኝም አስር አስር ጊዜ ቢሆን ነው። ቀጥለው ከእጃቸው ላይ ፀጉር ላጩባት። ባለቤቲቱ ከወዲያ ሆና «ሲኒዬን ሞረድ አደረጋችሁት» አለች።

እኔም የኔን አወጣሁ። ሲኒ ጠየቅኩ። ቶናው አልቆ በረካው እስኪመጣ ድረስ ፈተግኩ። ሰንጢው ላይ ምንም የለም፤ ሲኒው ነው የለሰለሰው። በኋላ እንደገባኝ ቫናዲየሙ ካርባይድ የሚባል ጠጣር ቅንጣት ሆኖ ብረቱ ውስጥ ይቀመጣል፣ እሱም ከተራ መሳያ ድንጋይ ይጠነክራል። የአልማዝ መሳያ ያስፈልገዋል። ቆቦ ላይ በሌሊት አልማዝ ከየት ይመጣል? ይህን ሁሉ ጊዜ የኮራሁበት ነገር እኔ ራሴ ልጠግነው የማልችለው ነገር ነበር።

እዚህ ድረስ ሳወራ ሰዎች «ታዲያ እንደ ጋሼ ያለ ገዛህ?» ይሉኛል። አዎ፣ ገዛሁ። ሰው ልኬ አስመጣሁ። ኦፒኔል ይባላል። ጆሴፍ ኦፒኔል የሚባል ሰው በ1890 እ.ኤ.አ. ሳቮይ በሚባለው የፈረንሳይ ተራራማ አገር የጀመረው ነው። አንገቷ ላይ ያለው ቀለበት የመጣው በ1955 እ.ኤ.አ. ነው። የጋሼ ቁጥር 8 ናት፣ ስለቷ 8 ሴንቲ ተኩል። እጀታውን ኳ ማድረጉንም ጋሼ ብቻ የፈለሰፉት መስሎኝ ነበር። ለካ የሳቮይ ሰዎችም እንጨቱ ሲያብጥባቸው የሚያደርጉት ያንኑ ነው! ጋሼ ማንም ሳያስተምራቸው ደርሰውበታል።

ስለቷ ላይ ዘውድ የደፋች እጅ ተቀርጻለች። የጋሼ ጠፍታ ጥላዋ ነው የቀረው። እዚያ አካባቢ ያለች ከተማ አርማ ናት፤ እጁም የመጥምቁ ዮሐንስ ነው ይባላል። ለጋሼ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና፣ «የህያ?» አሉ። «ለዚህ ነዋ 33 ዓመት ያልጠፋችኝ።»

የኔዋ ግን ዓመትም አልቆየች። ደሴ ነው የምኖረው። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ድረስ ይገባል፤ ልብስ እንኳ አይደርቅም። በሳምንቷ ነጠብጣብ አወጣች። ሎሚ ቆረጥኩባት፣ ጠቆረች፤ ሎሚውም ብረት ብረት አለኝ። ኩታበር ላይ በዝናብ ኬብል ልልጥ ሳወጣት አልከፈትም አለች። ኳ አደረግኳት። ምንም። ደግሜ ኳ። በጥፍሬ ልስባት ስል ጥፍሬ ተሰበረ፣ ያው ያ ውሸታም ጥፍር። ዘይት ቀብተህ፣ በየዕለቱ ጠርገህ፣ በኪስህ አሙቀህ ነው እንጂ ሳጥን ውስጥ ጥለሃት የምትታዘዝ ዕቃ አይደለችም። ጋሼ እንደዚያ ይይዟት እንደነበር ያየሁት ያኔ ነው። ስንስቅባት ስንኖር እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጓት ነበር።

አሁን ኬብል የምልጠው በካተር ነው፤ ያ ምላጩ እየተሰበረ የሚጣለው፣ የሱቅ ዕቃ። ጋሼ አይወዱትም። «የምትጥለውን ቢላ እንዴት ታውቀዋለህ?» ይላሉ። አባባላቸው ደስ ይለኛል። ካተሩን ግን አልተውኩም።

ኢንጂነሩ እንዳለውም ለሁላችን አንድ አንድ የማይዝግ ሰንጢ ተገዛልን። ጠቅ ይላሉ። ሌላ ምንም አያደርጉም። ጋሼ የደረሳቸውን ፈርመው ወሰዱና ለልጃቸው ልጅ ሰጡት። ወደ ሥራ ይዘው የሚመጡት ያችኑ ጥቁሯን ነበር። ኢንጂነሩ ሲመጣ ኪሳቸው ይከቷታል።

የኔ ያ ውድ ሰንጢስ? በዓመቱ ነሐሴ፣ ከቆቦ ስንመለስ መንገድ ዳር ልጆች በለስ በባልዲ ይሸጣሉ። አቆምን። ጋሼ ጥቁሯን አውጥተው አይዋት፣ መልሰው ከተቷት። ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«ያችን ያንተዋን አምጣት እስቲ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ሰንጢዬ «እሱ» ነበር።

ሰጠኋቸው። በለሱን በቅጠል ያዙት። ላዩንና ታቹን ቆረጥ፣ ቁመቱን አንድ ጊዜ ሰንጠቅ፣ ቆዳውን እንደ ካፖርት ገለጥ አደረጉለት። ለእኔ ሰጡኝ። ሁለተኛውን ለሾፌሩ፣ ሦስተኛውን ለራሳቸው። የበለሱ ውሃ ስለቱ ላይ ይወርዳል፣ ብረቱ ንቅንቅ አይልም፣ አይጠቁርም፣ ነጭ እንደሆነ ነው። አገላብጠው አዩት።

«ይህችስ ለበለስ ትሆናለች» አሉ።

ጠርገው፣ ዘግተው፣ ኪሳቸው ከተቷት። አልጠየቅኳቸውም።